የበለስ ሸለቆ የእግር መንገዶች ታሪክ፤ በተለይም በፓዌ አካባቢ

ስለ መንገድ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ተሠራ መንገድ ነው። ማን አሠራው፥ በስንት ዓመት አለቀ፥ ስንት ብር ወጣበት እያሉ ይመረምራሉ። ማንም ሳያሠራው በሰው እግር ብቻ ስለ ተከፈተ ቀጭን መንገድ የሚጽፍ ግን እምብዛም አይገኝም። እርግጥ ነው፥ እንዲህ ያለው መንገድ መሐንዲስ የለውም፤ የምረቃ ቀን የለውም፤ በመዝገብ ቤትም አንዲት ወረቀት አልተወም። ነገር ግን ሰው በከንቱ አይመላለስምና አንድ የእግር መንገድ ካለ ከወዲህና ከወዲያ የሚያገናኘው ነገር መኖሩ የታወቀ ነው። ውሃ ይሆናል፤ እርሻ ይሆናል፤ ገበያ ይሆናል፤ የአማት ቤት ይሆናል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በመተከል ውስጥ በበለስ ወንዝ ሸለቆ፥ ዛሬ ፓዌ በሚባለው ከተማ ዙሪያ ያሉትን በዱርና በወንዝ ዳር የሚያልፉ የእግር መንገዶች ነው። ይህን አካባቢ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በ1977 ዓ. ም. ብዙ ሕዝብ ወደዚህ ሸለቆ ሲወሰድ አገሩ «ድንግል መሬት» ነው፥ «ባዶ መሬት» ነው ይባል ነበር። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ድረስ ከብዙ ሰው አፍ አልጠፋም። ባዶ በሆነ አገር ግን መንገድ አይኖርም። ስለዚህ በዚህ ሸለቆ ከሰፈራው በፊት ማን ይመላለስ እንደ ነበረ፥ በምን ምክንያት፥ በየት በየት በኩልም እንደ ነበረ ብንመረምር፥ ያ አባባል እውነት መሆን አለመሆኑ ይገለጥልናል ብለን አሰብን።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት እንበል። በለስ ሁለት ነው። ትልቁ በለስ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው የደጋ ጠርዝ ሥር ይነሣል፤ ግልገል በለስ የሚባለው ደግሞ ከአዊ ደጋ ይወርዳል። ሁለቱም በቆላው ተገናኝተው ወደ ምዕራብ በመፍሰስ በጉባ በኩል ከዓባይ ጋር ይቀላቀላሉ። ፓዌ በዚህ በሁለቱ ወንዞች አገር ውስጥ ነው። መሬቱ ዝቅ ያለና ሙቀት የበዛበት ሲሆን ዝናሙ በክረምት ወራት ብዙ ነው። በዚህም ምክንያት ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። ዛፉም በደጋ እንደምናውቀው አይደለም፤ የቆላ ቀርከሃ፥ አባሎ፥ ዋንዛ፥ ሾላ፥ ዋርካ፥ እንኮይ፥ ድንጋያማ በሆነው ተዳፋት ላይም የእጣን ዛፍ ይታያል።

ይህን የጻፍነው አገሩን ለማስዋብ አይደለም። የዚህ አገር መንገድ እንደ ወራቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ስለ ሆነ ነው። በክረምት ወንዙ ይሞላል፤ ሣሩ መንገዱን ይውጠዋል፤ ወባው ይነሣል። ኅዳር ካለፈ በኋላ ሣሩ ደርቆ በእሳት ሲቃጠል አገሩ ይገለጣል፤ ወንዙም ይጐድልና በመልካው መሻገር ይቻላል። እንግዲህ አንድ የውጭ አገር ሰው ወይም አንድ የመንግሥት አጥኚ በመስከረም ቢመጣና መንገድ አጣሁ ቢል ሐሰት አልተናገረም፤ ግን በጥር መጥቶ ቢሆን ሌላ ነገር ይጽፍ ነበር። ደግሞም ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ በቆላው ስላለ በቅሎና በሬ በዚህ አገር ብዙ አይበረክቱም። ሸቀጡ ከአህያ በቀር በሰው ትከሻ የሚሄድ በመሆኑ መንገዱ ሰፊ ሊሆን አላስፈለገውም።

ይህን በሚገባ የምናየው በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ነው። የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በጀርባ ወይም በራስ ላይ ብቻ አይሸከሙም። አንድ ዘንግ በትከሻቸው ላይ አድርገው ሸክሙን ከዘንጉ ጫፍና ጫፍ አንጠልጥለው እኩል ለእኩል ሚዛኑን ጠብቀው ይሄዳሉ። ውሃ የሞላው ቅልም ሆነ እህል ወይም እንጨት በዚህ ዓይነት ይጓዛል። እንዲህ ሆኖ የሚሄድ ሰው የሚፈልገው መንገድ ረጋ ብሎ የሚወርድ፥ በድንገት የማይታጠፍ፥ ዘንጉ ከቅርንጫፍ ጋር የማይጋጭበት ነው። ስለዚህ ቀጭኑ መንገድ እንዲያው እንዳጋጠመ የተጣለ ሳይሆን ሸካሚው የሚፈልገውን ሁሉ አስቀድሞ ያሰበ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጉሙዝ እርሻ ተዘዋዋሪ ነው። ዱሩን መንጥረው፥ እሳት ለቀው፥ መሬቱን በመኮትኮቻ እየቈፈሩ ማሽላና ሌላም እህል ይዘራሉ። ጥቂት ዓመት ካረሱ በኋላ መሬቱ ሲደክም ይተዉትና ወደ ሌላ ቦታ ያልፋሉ፤ የተተወው ጦም አድሮ ዱር ይለብሳል፤ ከብዙ ዓመትም በኋላ ተመልሰው ያርሱታል። ከዚህ ጋር ማር መቍረጥ፥ ዓሣ ማጥመድ፥ ማደን፥ ሥራ ሥርና የዱር ፍሬ መልቀም፥ በአንዳንድ ወንዝም ወርቅ ማጠብ አለ። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ወራት አለው፤ የራሱም መንገድ አለው። ወደ ጦም አዳሪው መሬት የሚወስደው መንገድ እርሻው ከተተወ በኋላ ለማርና ለአደን ያገለግላል፤ እርሻው ሲመለስም ያው መንገድ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ሣር የበላው መስሎ የሚታየው መንገድ ባለቤት ያለው ሆኖ ይገኛል።

ስለ ጋብቻም ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። በጉሙዝ ልማድ አንድ ጎሳ ከሌላው ጎሳ ሚስት ሲወስድ ከራሱ ወገን አንዲት ልጅ በልዋጭ ይሰጥ ነበር። እንግዲህ አንድ ጋብቻ ማለት በሁለት ጎሳዎች መካከል በሁለት ወገን የሚሄድ ዘመድ ማለት ነው። የመንገዶቹን መረብ ያጠበቀው ከገበያው ይልቅ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ይሁን እንጂ መንገዱ ሁሉ የመገናኛ አልነበረም። የመሸሻም ነበር። የጐንደር ነገሥታት ዜና መዋዕሎች፥ ለምሳሌ የዐፄ ሱስንዮስና የቀዳማዊ ኢያሱ፥ ወደዚህ ቆላ የተደረጉትን ዘመቻዎች ይተርካሉ። የቆላውን ሰዎችም የሚጠሩት ዛሬ እኛ በማንደግመው የስድብ ስም ነው። ከዚያም በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት ከደጋው በኩል የጐጃምና የአገው መኳንንት፥ ከምዕራቡ በኩል የሱዳን ነጋዴዎች ሕዝቡን በባርነት ይፈነግሉት ነበር። በጉሙዝና በቤላ ሻንጉል ስለ ነበረው የባሪያ ንግድ ዶክተር አብዱሰማድ አህመድ ያጠኑት ጥናት ይህ መከራ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት 30ዎቹ ድረስ እንደ ቈየ ያስረዳል። እንዲህ በሆነበት አገር ቤቱን ከዋናው መንገድ ራቅ አድርጎ በኮረብታ ላይ የሠራ፥ ወደ ቤቱም የሚያደርሰውን መንገድ እንግዳ እንዳያገኘው የሸሸገ ሕዝብ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። እዚህ ላይ አንባቢያችን እንዲያስተውልልን የምንወደው ነገር አለ። ተፈንጋዩ ራሱን የሸሸገበት ጥበብ ከመቶ ዓመት በኋላ ለአጥኚው «እዚህ ሰው የለም» የሚያሰኝ ማስረጃ ሆነበት።

የንግዱ መንገድ ደግሞ በሌላ ዓይነት ይታወቃል። መተከል የሚለው ስም ራሱ ከሰባቱ ቤት አገው የአንዱ ስም ነው፤ ይኸውም ቆላና ደጋው ከጥንት ጀምሮ በአንድ ስም እስኪጠሩ ድረስ የተያያዙ መሆናቸውን ያሳያል። ከደጋው አሞሌ ጨው ይወርድ ነበር፤ ከቆላው ጥጥ፥ ማር፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስ ይወጣ ነበር። በምዕራብ ጉባ ነበረች፤ ከጉባ ወዲያ ሱዳን ውስጥ ሮዘሪስ። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ. ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው የወሰን ውል ይህን የንግድ መሥመር ለሁለት ከፈለው። ውሉን ለተፈራረሙት ወሰኑ በካርታ ላይ ያለ መሥመር ነበር፤ መንገዱን ለሚሄድበት ሰው ግን ብዙ ለውጥ ያመጣበት አይመስልም።

ከዚህ በኋላ መንገዶቹ በጽሑፍ መታየት ይጀምራሉ። ከእ.ኤ.አ. 1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ቺዝማን የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር እየዞሩ ካርታ ነሡ፤ መጽሐፋቸውም በ1936 እ.ኤ.አ. ታተመ። ቺዝማን መንገድ አልከፈቱም፤ ያገሩ ሰው በሚሄድበት እየሄዱ ጻፉት እንጂ። ኋላ ጣልያን ኢትዮጵያን በያዘ ጊዜ እኚሁ ሰው ካርቱም ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ወሬ የሚያጠናቅረው ክፍል ሹም ሆኑ። ዕውቀታቸውም ወዲያው ለጦር ሥራ ዋለ።

በነሐሴ ወር 1932 ዓ. ም. ኰሎኔል ሳንፎርድ የሚመሩት «ሚሲዮን 101» የተባለው ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ በክረምት ድንበሩን ተሻገረና ቆላውን አቋርጦ ወደ ጐጃም ደጋ ወጣ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አብረው የሄዱት አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ፤ እርሳቸው ደጃዝማች ከሆኑ በኋላ በ1962 ዓ. ም. ባሳተሙት «የታሪክ ማስታወሻ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለዚያ ዘመን ጽፈዋል። መንገድ በሚዘጋበት በነሐሴ ወር ማለፋቸው ራሱ የሚገርም ነው። ጣልያኖች ዋና ዋናውን ጐዳና ይጠብቁ ነበርና ማንም ሊያልፍበት ይችላል ብለው ያልጠረጠሩት መንገድ ለአርበኞቹ ምቹ ሆነ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ የተደረገው ጉዞ በብዙ መጻሕፍት ተተርኳል፤ እኛ የምንመለከተው ግን ከመንገዱ ወገን ብቻ ነው። ዊንጌት የጭነት መኪናዎች ዱሩን ጥሰው ያልፋሉ ብሎ አስቦ ነበር። በኮምፓስ አቅጣጫ ለክቶ ቀጥ ብሎ መሄድም ፈለገ። ሁለቱም አልሆነም። መኪናዎቹ በሸንተረሩና በደረቁ ወንዝ ዳር እየተሰናከሉ ቀሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የመጨረሻውን ክፍል ያለ መኪና መጓዝ ግድ ሆነባቸው። ስንቅና መሣሪያ የጫኑት ከሱዳን የመጡ ግመሎች በሺህ የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ተራራና ድንጋይ ያልለመዱ በመሆናቸው አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። ከኋላ የሚመጣው ሰው መንገዱን የሚያውቀው በሞቱት ግመሎች ሽታ ነበር ይባላል።

በላያ የሚገኘው ከፓዌ በስተ ምዕራብ ነው። ጌዴዎን የተባለው ጦር በየካቲት ከበላያ ተነሥቶ በመተከል ቁልቁለት ወደ እንጅባራ ደጋ ወጣ። በካርታ ላይ ከበላያ እስከ እንጅባራ መሥመር ብናሠምር ዛሬ ፓዌ ካለበት ቦታ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። በየዓመቱ የምናከብረው የድል በዓል ከመድረሱ በፊት ሦስት ወር ያህል ሲቀረው ጦሩ የነበረው በዚህ ሸለቆ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ከዚያ ጉዞ በኋላ በሸለቆው ውስጥ የተሠራ ነገር አልነበረም። ጦሩ አለፈ፤ ሣሩም በክረምቱ ተመልሶ በቀለ።

የኮምፓሱን ነገር ደግመን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ያገሩ ሰው የሚሄድበት መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ምክንያቱም የውሃውን ቦታ፥ የመልካውን ቦታ፥ ጥላውን፥ ቁልቁለቱ የሚለዝብበትን ስፍራ እየተከተለ ይሄዳል። ከውጭ የመጣ ሰው ግን ቀጥተኛውን መሥመር ይወዳል። ከአርባ አራት ዓመት በኋላ ይኸው ቀጥተኛ መሥመር በትራክተር ሆኖ ወደ በለስ ሸለቆ ተመለሰ።

እንደሚታወቀው በ1977 ዓ. ም. በሰሜኑ አገራችን ብርቱ ድርቅና ረኃብ ሆነ። የዚያን ጊዜው የደርግ መንግሥት ሕዝቡን ከተጐዱት አውራጃዎች እያነሣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የማስፈር ዘመቻ ጀመረ፤ በጠቅላላው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተንቀሳቀሰ። ከዚህ ውስጥ ከ80,000 የማያንሰው ወደ መተከል፥ በተለይም ወደ ፓዌ መጣ። ከወሎ የመጣ ነበር፤ ከከምባታና ሐዲያ የመጣ ነበር፤ ከሌላም። ደሳለኝ ራህመቶ፥ ገብሬ ይንቲሶና ወልደ ሥላሴ አቡቴ ስለዚህ ሰፈራ ያደረጓቸው ጥናቶች ለእኛ ለተማሪዎች ዋና መሠረት ናቸው። ከ1978 ዓ. ም. ጀምሮ ደግሞ በጣልያን መንግሥት ርዳታ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የጣና በለስን የልማት ሥራ ያዘ። ዱሩ በትራክተር ተመነጠረ፤ የጠጠር መንገድ፥ ሆስፒታልና የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። የዛሬ ፓዌ የተወለደችው ያን ጊዜ ነው። (የጣልያን ጦር በጐጃም ሲሸነፍ ያዩ ሽማግሌዎች የጣልያን ትራክተር በዚሁ ቆላ ሲያርስ ባዩ ጊዜ ምን ብለው ይሆን?)

ሰፋሪው የሰፈረባቸው መንደሮች ከ40 በላይ ነበሩ። ስም አልተሰጣቸውም፤ ቍጥር ተሰጣቸው እንጂ። ሰዎች ዛሬም መንደር ሰባት፥ መንደር አሥራ ሰባት ይላሉ። ቤቶቹ በረድፍ የተሠሩ ሲሆን መንገዱም ከመንደር ወደ መንደር በቀጥታ የሚሄድ ነው። ይህ ለጭነት መኪናና ለእህል ማከፋፈያ ተስማሚ ነበር። ነገር ግን አንዱን ቍጥር ከሌላው ቍጥር የሚያገናኘው መሥመር በየትኛው ጎሳ የጦም አዳሪ መሬት ላይ እንደሚያልፍ፥ የትኛውን የማር ዛፍ እንደሚቈርጥ የጠየቀ አልነበረም። የጉሙዝ ገበሬ ለሃያ ዓመት እንዲያርፍ የተወው መሬት በእቅድ አውጪው ዓይን ማንም ያልነካው ዱር ነበር። በዚህም ምክንያት ጉሙዞች ሳይወዱ ወደ ዳርቻው ተገፉ። የውሃ መንገዳቸው በሌላ ሰው እርሻ መካከል ሆነ፤ ወደ ዘመዶቻቸው የሚያደርሰውም መንገድ በመንደሮቹ ተቈረጠ። ሁለቱ ሕዝቦች የተጣሉት በባሕርያቸው የማይስማሙ ስለ ሆኑ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን የጠቡን መነሻ ከሰዎቹ ባሕርይ ይልቅ በዚህ በመሬቱና በመንገዱ መነጠቅ ላይ ማየት ይሻላል እንላለን።

ሰፋሪውንም መውቀስ አይገባም። ብዙው ወድዶ የመጣ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወባውና ረኃቡ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ሙቀት፥ ይህን ሣር፥ ይህን ዝንብ አያውቅም። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሉ ጠፍተው ሄደዋል። በየት ሄዱ ብለን ብንጠይቅ፥ ጠባቂ ባለበት በጠጠሩ መንገድ ማምለጥ አይቻልምና በዱሩ ነው። ስለዚህ ባዶ ነው በተባለው አገር ውስጥ ሰፋሪውን ወደ ደጋ ያወጣው ባዶ አለመሆኑን የሚመሰክረው ቀጭን መንገድ ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ያደገው በቍጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ነው። በልጅነቱ ከመንደር ወደ ወንዝ የሚወርዱ ሁለት መንገዶች ነበሩ፤ አንዱ መኪና የሚሄድበት ቀጥተኛው፥ ሁለተኛው በዋርካ ሥር የሚያልፈው። በቀጥተኛው የሚሄድ ልጅ ፀሐይ ይመታዋል፤ ከወንዙም ሲደርስ ገደል ያጋጥመዋል። በዋርካው በኩል ያለው ግን ዞር ይበል እንጂ በጥላ ወርዶ ከመልካው ላይ ይደርሳል። ልጆቹ ሁሉ የሚሄዱት በዋርካው ነበር። ማን አወጣው ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም፤ ትልልቆቹም «ድሮም የነበረ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አይሉም ነበር። «ድሮ» የሚለው ቃል ከ1977 ዓ. ም. በፊት ማለት እንደ ሆነ፥ በዚያም ውስጥ ስማቸው ያልተጠራ ሰዎች እንዳሉ ጓደኛችን የተረዳው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው።

በ1983 ዓ. ም. መንግሥት ሲለወጥ የጣና በለስ ሥራ ቆመ፤ ብዙ ዕቃም ተነቅሎ ተወሰደ። ከሰፋሪውም ብዙው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የቀረው ግን በራሱ ጕልበት አርሶ ተቋቋመ፤ ፓዌም የእርሻ ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ሆና ቀጠለች። በትራክተር ታርሶ ከተተወው መሬት በከፊሉ ቁጥቋጦ ተመልሶ በቀለበት፤ መንገዶቹም ተመለሱ፤ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። አሁን በዚያው መንገድ የጉሙዝ ሴት በዘንግ፥ የሰፋሪ ልጅ በአህያ፥ ከሰል የሚያወጣ ሰውም ጆንያ ተሸክሞ ይሄዱበታል። ለጤናና ለመዝናናት ሲል በበጋ ወደ ወንዙ የሚወርድ የከተማ ሰውም፥ ቢያውቀው ባያውቀው፥ የሚረግጠው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን መንገዶቹን የለወጠ ሌላ ነገር መጣ፤ እርሱም ውሃ ነው። በግንቦት 2002 ዓ. ም. የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተመረቀ። ኀይሉ 460 ሜጋ ዋት ሲሆን ውሃው ከጣና ሐይቅ ተነሥቶ 12 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ አልፎ ከደጋው ጠርዝ ወርዶ ወደ በለስ ይፈስሳል። ቀድሞ በጢስ ዓባይ ይወርድ ከነበረው ውሃ ብዙው እጅ በዚህ በኩል ዞረ፤ መጠኑም በአማካይ በሴኮንድ 77 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የዓባይ ፏፏቴ መድከሙን ጐብኝዎች ሁሉ አይተው ጽፈዋል፤ አዝነዋልም። የበለስ መልካዎች ምን እንደ ሆኑ ግን የጻፉት ጥቂቶች ናቸው። ከላይ እንዳመለከትነው የዚህ አገር መንገድ የሚከፈተው ወንዙ በበጋ ሲጐድል ነበር። አሁን ትልቁ በለስ በበጋም ሙሉ ነው፤ ዳሩንም እየቦረቦረ ይሰፋል። አባቶች በጥር ወር ልብሳቸውን ሰብስበው ይሻገሩበት የነበረው መልካ ለልጆቻቸው አደገኛ ሆነ። መልካ ሲጠፋ ደግሞ ወደ መልካው የሚወስደው መንገድ ሁሉ በሁለቱም ወገን ትርጕም ያጣል። አንድን መንገድ ለማጥፋት በላዩ ላይ መሥራት አያስፈልግም፤ ማቋረጫውን መንሣት ይበቃል።

በምዕራቡ ጫፍ ደግሞ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አለ። ሐምሌ 2012 ዓ. ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመረቀ። ሐይቁ 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሲሆን በለስና ዓባይ የሚገናኙበትንም ስፍራ ሸፍኗል። በዓባይና በበለስ ዳር ከጉባ ጋር ይያያዙ የነበሩት ዝቅተኛ መንገዶች በውሃ ሥር ሆኑ። በግድቡ ደስ ያላለው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ እኛም ደስ ብሎናል። ግን ውሃው ምን እንደ ሸፈነ በጽሑፍ ሳይያዝ መቅረቱ የታሪክ ተማሪ ሊያሳዝነው ይገባል።

ከ2011 እስከ 2013 ዓ. ም. በመተከል የደረሰውን እልቂትም ዝም ብለን አናልፈውም። ከልዩ ልዩ ወገን ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገደለ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያ ጊዜ ሰው በዱር መንገድ ብቻውን መሄድን ፈራ፤ ወደ ገበያና ወደ እርሻ የሚወስደው መንገድ የአድፋጭ መንገድ ሆነ። የባሪያ ንግድ ዘመን ከመቶ ዓመት በፊት ያስተማረው ያ የመሸሸግ ልማድ ጉሙዝ ባልሆኑትም ዘንድ ተማሪ አገኘ።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከሌላ አገር አንድ ነገር ለማነጻጸሪያ አገኘን። በእንግሊዝ አገር በ1949 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት የየአውራጃው መስተዳድር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚሄድባቸውን የእግር መንገዶች በካርታ ላይ እንዲመዘግብ ተደረገ። በዚያ ካርታ ላይ የሠፈረ መንገድ በሰው እርሻ መካከል እንኳ ቢያልፍ ባለ መሬቱ ሊዘጋው አይችልም። ሕጉን ለማውጣት የገፋፉት ሰዎች ብዙዎቹ እሑድ እሑድ ወደ ገጠር ለመንሸራሸር የሚወጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ሕጉ እንዳለ ወደ እኛ አገር ይምጣ ማለታችን አይደለም። የእንግሊዙ መንገድ ባለበት የሚቈይ ሲሆን የጉሙዝ መንገድ እንደ እርሻው የሚንቀሳቀስ ነውና አንድ ጊዜ ሥሎ መተው አይሆንለትም። ነገር ግን ረጅም መመላለስ መብት ያስገኛል የሚለው መሠረተ አሳብ በመተከል ቢጠየቅ ኖሮ በ1977 ዓ. ም. ትራክተሩ ከመግባቱ በፊት የሚመልስ ሰው መኖሩ ይታወቅ ነበር።

ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ምስክሮች ገና አሉ። በ1977 ዓ. ም. ሃያ ዓመት የነበረው የጉሙዝ ሰው ዛሬ ስድሳውን አልፏል፤ ያን ጊዜ በልጅነቱ በጭነት መኪና የመጣው ሰፋሪም ሽምግልናው እየቀረበ ነው። አንደኛው መልካዎቹን በስማቸው ያውቃቸዋል፤ ሁለተኛው ከመንደሩ ተነሥቶ በየት በኩል ወደ ገበያ ይሄድ እንደ ነበረ ያስታውሳል። የእኛ ካርታ እስካሁን የያዘው የመንደሮቹን ቍጥር ብቻ ነው። በሚመጣው የበጋ ዕረፍት ወደዚያ የሚሄዱ ጓደኞቻችን መጀመሪያ እንዲጠይቁ የምንለምናቸው የመልካዎቹን ስም ነው።